ለየትኛው?

ሙሜ ለሐጅ በሚነሣበት ቀን ጠዋት ታናሽ ወንድሙ ቤት መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ መጅሊሱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ የወንድሙ ሚስት ጣሂራ የቀዳችለትን ሻሂ ፉት አለ፤ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥም «መስዑድ፣ አፉ በለኝ» አለው። መስዑድ «ለየትኛው?» ብሎ መለሰለት።

እንዲህ ብሎ የመለሰ ሰው በጭሮ ከተማ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስልም። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት አይቆምምና ከመነሣቱ በፊት ዘመድ ጎረቤቱን እየዞረ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። የተጠየቀውም «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ፣ በዱዓህ አትርሳኝ» ይላል፤ ይተቃቀፋሉ፤ አለቀ። ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። የሚታወሰውም የተረሳውም በደል በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ይሸኛል። ልማዱን ያወጡት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፤ ዝርዝር ውስጥ ከተገባ ከጭሮ ተነሥቶ መካ የሚደርስ አንድም ሰው እንደማይኖር ያውቁ ነበር። መስዑድ ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ምን እንደሚመረመርለት ያልተገለጸ ናሙና ይዞ የመጣን ሰው «ለምንድን ነው?» ሳይል ተቀብሎ አያውቅም፤ አፉንም እንደዚያው አደረገው።

ጣሂራ ፔርሙዙን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ሻሂው ከአፉ ላይ አንድ ጠብታ አንጠልጥሎ ቆመ። ግድግዳው ላይ፣ መስዑድ ይሠራበት ከነበረው የቻይናዎች ካምፕ ሲወጣ ያመጣው፣ ዓመቱ ካለፈ ብዙ ጊዜ የሆነው የቻይና ቀን መቁጠሪያ አለ፤ ጉም የለበሰ ተራራ ይታይበታል። ሙሜ ያንን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየው ሰው ትክ ብሎ አየው። ትልቅ ሰው ነው፤ ጺሙ ነጭ ሆኗል፣ ስኳር አለበት፣ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይጮኻል። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ለወንድሙ ሳይሆን ለጣሂራ «መኪናው ከዓስር ሶላት በኋላ ነው የሚነሣው። የሚመጣ ካለ መናኸሪያ ነን» አላትና ወጣ። ጫማውን ሲያጠልቅ ጎንበስ ብሎ ቆየ። መስዑድ ከውስጥ ሆኖ ጉልበቱ ሲጮኽ ሰማ፤ አልተነሣም።

«ለየትኛው?» አለች ጣሂራ፣ በሩ ሲዘጋ።

«ጠየቅኩ እንጂ እምቢ አላልኩም።»

«ሽማግሌ ነው አቦ። መሄዱን እንጂ መመለሱን አላህ ነው የሚያውቀው። አንተ እንደ ቀበሌ ዘበኛ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ።»

«ያልወጣልኝን ወጥቶልኛል ብል ውሸት ነው። በውሸት አፉ ሐጅ ይሂድ?»

«እሺ፣ ያልወጣልህ ምንድን ነው? ስሙን ንገረኛ።»

ሚስቱ ስሙን ስትጠይቀው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። «እሱን እያጠናሁት ነው» አለ መስዑድ።

«ኩርፊያ ይባላል» አለች ጣሂራ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች።

«ኩርፊያ የልጅ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ነገሩ የአባታቸው ቀብር ነው። አባታቸው መቻራ ላይ ያረፉ ጊዜ ሙሜ አጠገባቸው ነበር፤ መስዑድ ደግሞ ታች ሚኤሶ፣ የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ የነበሩ ቻይናውያን ካምፕ ውስጥ ደም እየመረመረ ነበር። ስልክ ሲደወልለት በጭነት መኪና ጭሮ ደረሰ፤ ከጭሮ በበደሳ በኩል ቡና ሊጭን በሚሄድ አይሱዙ ላይ ቆሞ፣ በዚያ መንገድ ጥርሱ እየተፋጨ መቻራ ገባ። ሲደርስ አፈሩ ተደልድሎ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ ሰዎቹ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሙስሊም ሬሳ አያሳድርም፣ አያቆይም፤ ማንም ማንንም አልወቀሰም። መስዑድን ራሱን ስለ ሌላ ሰው ቀብር ቢጠይቁት ትክክል ተደርጓል ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዒዱ አንድ ትሪ ላይ በልተዋል፤ የሙሜን ስኳር የሚለካለትም እሱ ነው። ግን የእጅ መታጠቢያው ውኃ መሬቱ ላይ ሲፈስ ያየው ዕለት አንድ ነገር ሆዱ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ነገር ወይ ይናገረዋል ወይ ይረሳዋል። መስዑድ ስም ሊያወጣለት ተነሣ። ይህን በሽታ ያመጣው ካምፑ ነው። ቋንቋ ቶሎ ይይዛል፤ ከደም ምርመራው ወደ አስተርጓሚነት ሳይታወቀው ተሻገረ። ሥራውም ባብዛኛው የሰውን ንዴት ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ማጋዝ ነበር። አንድ ቀን የካምፑ መኪና ግመል ገጭቶ ባለ ግመሉና ፎርማኑ ሲተናነቁ መሀል ቆሞ ዋለ። ፎርማኑ የባለ ግመሉን እናት ያነሣል፤ መስዑድ በኦሮምኛ «ቤተሰብህን ሰላም ይልልኛል» ይላል። ባለ ግመሉ የፎርማኑን ዘር ማንዘር ይረግማል፤ መስዑድ በቻይንኛ «በጣም አዝኗል» ይላል። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተለያዩ፤ እሱ ራሱን ሲያመው አደረ። ያኔ ነው የቻይናዎቹን የንዴት ቃላት አንድ በአንድ መልቀም የጀመረው። አመል ለእነሱ የጣፊያ ትንፋሽ ነው። ቶሎ የሚግል ሰው ጉበቱ እሳት አለበት። ደፋር ሰው ሐሞቱ ትልቅ ነው። መናደድ ማለት አየር መውለድ ነው። የሰው ደም የሚመረምር ባለሙያ ይህን ሲሰማ እንዴት ይተኛል?

የቻይናው ሲያልቅበት ወደ ጃፓን ተሻገረ። ከጃፓን ጋር ያለው ዝምድና በቶዮታ በኩል ብቻ ነው፤ ጃፓናዊ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ቃሎቹን ከስልኩ ላይ ነው የለቀመው። ጃፓኖች ሲናደዱ ሆዳቸው ይቆማል። አንድ ሰው ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ያለው ትል ቦታውን ስቷል ይላሉ። መስዑድ በየቀኑ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ እያየ ትል የሚለይ ሰው ስለሆነ በዚህ ቃል የተደሰተው ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ጎረቤቱ «ታዲያ አልቤንዳዞል አይውጡም?» አለው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ሰው በተጣላ ቁጥር መስዑድ ምርመራውን ያቀርባል፤ ይቺ የጉበት ናት፣ ያ የጣፊያ ነው። የጣሂራ አክስት በአንድ ሰርግ ምክንያት ዘጠኝ ወር ስታኮርፍ ለእሷ ከጃፓንኛ «ሱነሩ» የሚል ቃል አገኘላት፤ ትርጉሙ ሰው መጥቶ እንዲያባብልህ ብለህ ፊትህን ማዞር ነው። ይህን ቃል ሲያገኝ ለብቻው ስቆ ነበር።

ወደ ሥራው ሊሄድ ባጃጅ ያዘ። ታሪፉ ካለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ ባለ ባጃጁ ጭማሪውን በዝርዝር ሊያስረዳው ሲጀምር አውቆት ንግግሩን አቋረጠ። «ወንድምህ አይደሉ እንዴ ዛሬ ሐጅ የሚሄዱት? ማሻአላህ። ትላንት እኛ ቤት መጥተው ነበር። እኔን ራሴን አፉ በለኝ አሉኝ፣ እንግዲህ ምን እንደበደሉኝ አላህ ይወቅ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ስትሮጥ ያየሁህ ጊዜ ተቆጥቼሃለሁ አሉኝ።» ሣቀ። «አንተስ፣ አፉ አልካቸው?»

መስዑድ ወደ ጎን አየ። የጫት ተራው ከአሁኑ ተሟሙቋል፤ ሴቶቹ እርጥብ ማዳበሪያ ላይ እስር እስሩን ያሰልፋሉ። «በሂደት ላይ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«አፉው።»

ባለ ባጃጁ በመስታወቱ አየው። ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ስለ ታሪፉ እንኳ አላነሣም።

ክሊኒኩ ፎቅ ሥር ያለ የግል ክሊኒክ ነው፤ የመስዑድ ክፍል አንድ መስኮት፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ሲሽከረከር ጠረጴዛውን የሚያንቀጠቅጥ ሴንትሪፉጅ አለው። ነርሷ ሰርክአዲስ ከደብረ ብርሃን ለሥራ የመጣች፣ ጭሮን ከሞላ ጎደል የለመደች፣ ፈጢራ ግን ያለ ማር የማትበላ ሴት ናት። ወረፋው ሲሳሳ መስዑድ ጓንቱን አውልቆ «አንድ ሰው ነበር» ሲል ጀመረ። አንድ ሰው በወንድሙ ላይ የሆነ ነገር ይዟል፤ ንዴት አይደለም፣ ንዴት ቢሆን በጉበት በኩል ይታወቅ ነበር። ጥላቻ አይደለም። ቂምም አይመስልም፤ ቂም ቢሆን ስኳሩን አይለካለትም ነበር። ሰርክአዲስ እየሰማች የመርፌ ዕቃ ስትደረድር ቆየች።

«እኛ አገር ሲናደዱ ቆሽቴ አረረ ነው የሚሉት» አለች። «ይሄ አንድ ሰው ቆሽቱ አርሯል?»

«ቆሽት ኢንሱሊን ነው የሚያመነጨው። ማረር አይችልም።»

«እሺ። ይሄ አንድ ሰው ስንት ወንድም አለው?»

«አንድ።»

«ሰውየው ራሱስ እዚህ ክሊኒክ ይሠራል?»

መስዑድ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ።

ከቀትር በፊት፣ ጣሂራ ሁለት ጊዜ ደውላ ሳያነሣላት፣ እሱ ራሱ በቪዲዮ ደወለ፤ ለላዎ ጆ ነው። ላዎ ጆ የካምፑ ወጥ ቤት ኃላፊ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ አሁን አገሩ ገብቶ የልጅ ልጆች ያሳድጋል። እዚያ ቀኑ እየመሸ ነው፤ ስልኩ ውስጥ ድስት ሲንጫጫ ይሰማል። መስዑድ በቻይንኛው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ካብራራ በኋላ ሦስት ቃላት አቀረበለት፤ ከሦስቱ ትክክለኛው የቱ ነው? የመጨረሻው «ዌይ ቹ» የሚባለው ነበር፤ ሰው ተበድሎ በደሉን ለመናገር ሳይችል ዋጥ ሲያደርገው፣ ጉሮሮው ላይ የሚቀመጠው ነገር። ላዎ ጆ ድስቱን ከደነና «ዌይ ቹ ነው፣ ዌይ ቹ ነው» አለ። መስዑድ ደስ አለው። ከስንት ዓመት በኋላ ምርመራው ውጤት አገኘ።

«ታዲያ ምን ይደረግለታል?» አለ።

«ትንሿ የልጅ ልጄ በየቀኑ አላት» አለ ላዎ ጆ። «ብርቱካን ልጬ እሰጣታለሁ። ያልፍላታል። አንተ በልተሃል? ከስተሃል ወይስ ስልኩ ነው?»

የውጤቱ ደስታ ስልኩ ሳይዘጋ በነነ። በአንድ ቀን ውስጥ ሚስቱም፣ የቻይና ወጥ ሠሪም፣ ተነጋግረው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ የሰው አገር ድረስ የተመራመረበትን ሐዘን ከሕፃን ጋር አስቀመጡበት። መስዑድ ናሙናው ነው የተበላሸው ብሎ አሰበ፤ ነገሩን በደንብ አላስረዳሁም ማለቱ ነው።

ከዙህር ሶላት በኋላ አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ገባች፤ ሁለቱም ትኩሳት አለባቸው፣ የወባ ምርመራ ታዞላቸዋል። ታላቂቱ ሳጂዳ ትባላለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። መንገድ ላይ መጀመሪያ የምትወጋው እሷ እንደሆነች ለእናቷ ስታወራ፣ ጀግንነቷን ስታዘጋጅ መጥታለች። መስዑድ ይህን አላወቀም። ታናሺቱ ቅርብ ስለነበረች ጣቷን ያዘ፣ ወጋ፣ ደሙን ስላይዱ ላይ ቀባ፤ ቀና ሲል ሳጂዳ ጀርባዋን ሰጥታው ግንባሯን ግድግዳው ላይ ደግፋ ቆማለች። እናትየዋ ጠራቻት፤ ዝም። ሰርክአዲስ ከረሜላ አሳየቻት፤ ዝም። እናትየዋ «ተዋት፣ ተዋት፣ አትያት» ስትል መስዑድ ግን ሥራው ማየት ነውና አየ። ልጅቷ ክንዷን ፊቷ ላይ አድርጋለች። በክንዷና በግድግዳው መሀል ትንሽ ክፍተት አለች፤ በክፍተቷ አንድ ዓይን ይታያል። ዓይኑ እናቷን አይመለከትም፣ ከረሜላውንም አይመለከትም። የሚመለከተው እሱን ነው፤ ይመጣል ወይስ አይመጣም ብሎ ነው የሚጠብቀው። እሱ ሲያያት ዓይኑ ይሸሸጋል፣ ዘወር ሲል ብቅ ይላል።

መስዑድ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሳጂዳ» አለ፣ «አንቺ መጀመሪያ ልትወጊ ነበር። እኔ ታናሽሽን አስቀደምኩብሽ። አፉ በይኝ።»

ልጅቷ አልዞረችም። ግን አንድ ጣት ከጀርባዋ በኩል ወደ እሱ ተዘረጋ።

ስላይዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ ጎንበስ ካለ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀና አላለም። ሰርክአዲስ ብዙ ወባ አገኘ ብላ ደነገጠች። ወባ አልነበረም። መስዑድ እያየ የነበረው በየዒዱ በሙሜ ቤት ትሪው ዙሪያ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ ሁልጊዜ ጎኑን ለሙሜ ሰጥቶ። ጉርሻ ሲያነሣ አሻግሮ ያያል። ዛሬ አፉ በለኝ ይለኝ ይሆን ይላል። ሙሜ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበቱ ያወራል። መስዑድ ፊቱን ያዞራል፣ ደግሞ ብቅ ይላል። ክንድና ግድግዳ መሀል ያለች ክፍተት ውስጥ፣ ሽበት ያወጣ ሰው፣ ዓመታት ሙሉ። ጉበቱ ደህና ነው፤ ጣፊያውም ደህና ነው። ለጣሂራ አክስት ያወጣው ቃል ከጃፓን ድረስ ተመልሶ መጥቶ እሱ ላይ ተቀመጠ፤ ይህ ሁሉ ምርምርም ሚስቱ ጠዋት ብርጭቆ እየሰበሰበች የነገረችውን ለማረጋገጥ ነው የዋለው።

ጓንቱን አወለቀ። ጊዜ ነበረው፤ ሙሜ ከዓስር በኋላ ብሏል፣ ዓስር ገና ነው። መስዑድ በሰዓት የሚኖር ሰው ስለሆነ ሚኒባስ ሲሞላ እንጂ ሰዓቱ ሲደርስ እንደማይነሣ ለአንድ አፍታ ዘነጋው፤ እዚህ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን መዘንጋቱ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል። መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ባለ ፍራፍሬ ጋ ቆሞ ብርቱካን መረጠ። ለምን እንደመረጠ ሊያብራራ አይችልም። ሲገባ የመኪናው ቦታ ባዶ ነበር፤ መሬቱ ላይ ሸኚዎቹ የረጩት የሽቶ ሽታና የጎማ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«የሐጃጆቹ?» አለው አንድ ተራ አስከባሪ። «ሞላና ወጣ። ዓስርን መንገድ ላይ እንሰግዳለን ብለዋል። ምን፣ የረሱት ነገር አለ?»

«የረሳሁት እኔ ነኝ» አለ መስዑድ።

መኪናውን ሊከተል በያዘው ባጃጅ ውስጥ እየነጠረ ብርቱካኑን ላጠ። ጭማቂው ሸሚዙ ላይ ይፈሳል፤ የቻይና ወጥ ሠሪ ምክር እየፈጸመ መሆኑን ሲያስብ ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። ሙሜ በስኳር፣ በጉልበት፣ በዚያ ሙቀትና በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ተራራውን ካለፈ ወደ ሚኤሶ የሚወርድ መኪና በባጃጅ አይያዝም። ነገር ግን በጭሮ ከመስዑድ የበለጠ ጥንቁቅ መራጭ ካለ፣ ረጅም መንገድ ሊነዳ ጫት የሚገዛ ሹፌር ነው። ሚኒባሱ ከከተማዋ መውጫ፣ ከመጨረሻዎቹ ጫት ሻጮች ፊት ለፊት ቆሟል። ሹፌሩ ቅጠል በቅጠል እየገለጠ፣ ለፀሐይ እያሳየ፣ ይቺ የትላንት ናት እያለ ይከራከራል። መስዑድ በሕይወቱ አንድም ጊዜ ለጫት ቃሚ ዱዓ አድርጎ አያውቅም፤ ያኔ አደረገ።

ሙሜ ከፊት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ነጭ ለብሷል፤ ፎቶው ያለበት መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፎቶው ላይ የተደናገጠ ይመስላል። መስዑድ ከኋላ በኩል ሲመጣ ሙሜ ፊቱን ወደ ሹፌሩ ወንበር አዞረ። እዚያ ማንም አልነበረም። ባዶ ወንበር እያየ ተቀመጠ። መስዑድ ሊጠራው ሲል ስፖኪዮውን አየ፤ ስፖኪዮው ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅና በነጭ ጺም መሀል፣ አንድ ዓይን አለ። ዓይኑ እሱን ነው የሚያየው። ሲተያዩ ሸሸ። ከዚያ ብቅ አለ።

መስዑድ መስኮቱን ያዘ። «የአባ ቀብር ነው» አለ። «ጠዋት ለየትኛው ያልኩህ። አልጠበቅከኝም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሐጃጆች ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። ሙሜ አልዞረም። «አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ጠዋት ለእሱ አይደል እንዴ የመጣሁት? ከእሱ ሌላ በመሀላችን ምን አለ?» መታወቂያውን ደረቱ ላይ አስተካከለ። «ሙሉውን ስማ እንግዲህ። ሼኹ ትንሽ ብንቆይ ችግር የለውም ብለው ነበር። ሰዎቹም ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ እንጠብቀው አሉ። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት።»

ይህን መስዑድ አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሲመዝነው የኖረው ከትክክለኛው ያነሰውን በደል ነው። «ለምን?» አለ።

ሙሜ አሁን ዞረ። «ከሌሊት ጀምሮ ቆሜ ነበር፤ ከፈኑን፣ ጉድጓዱን፣ ሰዉን ሁሉ ይዤ። የሚያዩት እኔን ነው። አንተን ካየሁ እንደምወድቅ አወቅኩ። ስለዚህ ሳትመጣ ይለቅ አልኩ።»

መስዑድ እንደ ልማዱ ስሙን ፈለገ። ሰው ወንድሙን ላለማየት ብሎ የአባቱን ቀብር ሲያጣድፍ ምን ይባላል? ከጉበት ጀመረ፣ ወደ ሐሞት ሄደ፣ ቻይናን ጨርሶ ጃፓን ገባ። አንድም ቃል አልመጣለትም። ሹፌሩ ማዶ «ይቺን ጨምሪልኝና ልሂድ» ይላል። መስዑድ እጁ ላይ ያለውን አየ፤ ብርቱካኑን በመስኮቱ አስገባ።

«ስኳር እንዳለብኝ ረሳህ?»

«የምለካው እኔ አይደለሁ? አንድ ፍሬ አይጎዳህም።»

ሙሜ አንድ ፍሬ ገንጥሎ የቀረውን መለሰለት። ሲያኝክ ጺሙ ይንቀሳቀሳል። መስዑድ አየው፤ «አፉ ብያለሁ» አለ። «አፉ ብያለሁ፣ ሙሜ። ለነገርከኝም፣ ላልነገርከኝም።» ከኋላ አንዲት አሮጊት «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን በሰላም እንሂድ» አሉ። ሹፌሩ ጫቱን ታቅፎ ገባ፣ ሞተር አስነሣ። መስዑድ መስኮቱን እንደያዘ «አንተም አፉ በለኝ» አለ።

ሙሜ የብርቱካኑን ዘር እጁ ላይ ተፋ። ፊቱን ወደ ፊት አዞረ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር «ለየትኛው?» አለ።

መስዑድ ጥቂት እርምጃ አጠገቡ ሮጠ። መኪናው ፈትለክ ብሎ ሄደ። እስከ ኩርባው ድረስ ስፖኪዮው ውስጥ ያለው ዓይን አልሸሸም፤ ዙሪያው ሁሉ የሣቅ መስመር ነበር። ኩርባው ላይ አንድ እጅ በመስኮቱ ወጣ፣ መዳፉን ከፍቶ ቆየ፣ ገባ።

ጫት ሻጯ ማዳበሪያዋ ላይ ውኃ ትረጫለች። መስዑድ የቀረውን ብርቱካን እዚያው ቆሞ በላው። ስልኩ ጮኸ፤ ጣሂራ ናት፣ አሁን አነሣላት።

«ደረስክበት?»

«ደረስኩበት።»

«አፉ አልከው?»

«አልኩት።»

«አልሐምዱሊላህ። እሱስ፣ አፉ አለህ?»

መስዑድ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ወደ ኩርባው አየ። «በሂደት ላይ ነው» አለ።